ማይፓይ ቴስት ኮድ ላይ ዝም ሲልና ያለቦታው ሲጮህ፦ ችግርና መፍትሄ

ማይፓይ (የፓይተን ኮድ ሳይሮጥ ታይፑን የሚፈትሽ ታይፕ ቼከር) ዋናው ኮድ ላይ ጥሩ ስለሰራ ብቻ ቴስቱም ላይ እየሰራ ነው ብላችሁ አትመኑ። የዩኒትቴስት (ከፓይተን ጋር የሚመጣው የቴስት ሞጁል) ክላሶች አጻጻፍ ለየት ይላል፤ ሜተዶቹ ምንም አይመልሱም፣ አትሪቢዩቶቹ የሚሞሉት ሴትአፕ (ከእያንዳንዱ ቴስት በፊት የሚሮጠው ሜተድ) ውስጥ ነው፣ ግማሹ ኦብጀክት ደግሞ ሞክ (በእውነተኛው ቦታ የሚገባ የውሸት ምትክ) ነው። እነዚህ ሁሉ ታይፕ ቼከሩን ወይ ያሳውሩታል ወይ ያለቦታው ያስጮሁታል። ከሁለቱ የሚያሰጋው ዝምታው ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ። ምሳሌው ሁሉ ስለ አንድ የክፍያ ክላስ ነው፤ ገንዘቡ በሳንቲም፣ ማለትም በኢንት ይያዛል። የኮድ ቃላቱን እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ፤ ስትተይቡ በላቲን ነው። (ፓይተን 3 የሜተድ ስም በአማርኛ ፊደል መጻፍ ይፈቅዳል። ዩኒትቴስት ግን ስሙ በላቲን «ቴስት» ብሎ ካልጀመረ አያስኬደውም።)

ምልክት፦ ማይፓይ ምንም ችግር አላገኘሁም ይላል፣ ቴስቱ ግን ሲሮጥ በታይፕኤረር ይወድቃል

ዴፍ ቴስት_ክፍያ(ሰልፍ):
    ሰልፍ.ክፍያ.ቻርጅ("መቶ")

ቻርጅ ኢንት እንደሚቀበል ክላሱ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል፤ እዚህ ስትሪንግ ተሰጥቶታል፤ ማይፓይ ትንፍሽ አላለም። ምክንያቱ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ማይፓይ በነባሪው ምንም የታይፕ ምልክት የሌለውን ፋንክሽን አካል አይፈትሽም፣ ዝም ብሎ ያልፈዋል። የቴስት ሜተድ የሚቀበለው ሰልፍን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ታይፕ የሚጻፍለት ፓራሜትር የለውም። የሚመልሰውም ስለሌለ የመመለሻውን ታይፕ ማንም አይጽፍለትም። በዚህ ምክንያት አንድ ሙሉ የቴስት ፎልደር ሳይታይ ከዓመት ዓመት ሊዘልቅ ይችላል።

መፍትሄው አጭር ነው፦

ዴፍ ቴስት_ክፍያ(ሰልፍ) -> ነን:

ይሄ ቀስትና «ነን» (የፓይተን ባዶ ዋጋ፤ እዚህ ምንም አይመልስም ማለት ነው) ሲጨመር ፋንክሽኑ ታይፕ እንዳለው ይቆጠራል፤ ስትሪንጉም ወዲያው ይያዛል። እያንዳንዱን ሜተድ መዞር የማያዋጣ ከሆነ ኮንፊግ ፋይሉ ላይ «ቼክ_አንታይፕድ_ዴፍስ» የሚለውን አብሩት። «ስትሪክት» የሚሉ ደግሞ ይሄንኑ አብሮ ያበራላቸዋል። ፓይራይትን (ሌላውን ታይፕ ቼከር) የምትጠቀሙ እዚህ ችግር ላይ አትወድቁም፤ እሱ ምልክት የሌለውንም ፋንክሽን በነባሪው ይፈትሻል።

ቴስታችሁ በእርግጥ እየታየ መሆኑን ለማወቅ ሜተዱ ውስጥ «ሪቪል_ታይፕ(ሰልፍ.ክፍያ)» ብላችሁ ጻፉና ማይፓይን አስኪዱት። የክላሱን ስም ካተመ ደህና ናችሁ። «ኤኒ» (ማንኛውም ታይፕ) ብሎ፣ ባልተፈተሸ ፋንክሽን ውስጥ ሁልጊዜ ኤኒ ነው የሚል ማስታወሻ ካከለ፣ ከላይ ያልነው ችግር ነው። ጭራሽ ምንም ካላተመ ማይፓይ ፋይሉ ጋ አልደረሰም፣ ወይም አፉ ታፍኗል ማለት ነው። ሲአይ (ኮድ ሲገባ ቴስቶቹን በራሱ የሚያስኬደው ሲስተም) ላይ የሚሮጠው ትእዛዝ የዋናውን ኮድ ፎልደር ብቻ እንዳይሆን እዩ፤ ኮንፊጉ ላይም ለቴስት ፎልደር «ኢግኖር_ኤረርስ» ተብሎ እንደሆነ ፈልጉ። ይቺ መስመር ማይፓይ አንድ ፕሮጀክት ላይ ሲገባ «ለጊዜው» ተብላ ትጻፍና እዚያው ትቀራለች። ሪቪል_ታይፑን ስትጨርሱ አጥፉት፤ ከታይፒንግ ሞጁል ካልመጣ ቴስቱ ሲሮጥ ስሙ አይታወቅም ብሎ ይወድቃል።

ምልክት፦ ክላሱ ላይ የሜተዱ ስም ተቀይሯል፣ ቴስቱ አሁንም አረንጓዴ ነው (ያልፋል)

ሂሳቡ በቂ ካልሆነ ገንዘብ እንዳይቆረጥ የሚያረጋግጥ ቴስት አላችሁ እንበል። ጌትዌዩ (ክፍያው ገንዘብ የሚቆርጥበት ክላስ) ሞክ ነው፤ የመጨረሻው መስመር «ጌትዌይ.ቻርጅ.አሰርት_ኖት_ኮልድ()» ይላል። አንድ ቀን ቻርጅ ስሙ ኮሌክት ሆነ፤ ዋናው ኮድም አብሮ ተስተካከለ። ቴስቱ ግን ቻርጅ አልተጠራም ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ከአሁን በኋላ ቻርጅን የሚጠራ የለም። ነገ አንዱ የሂሳብ ማጣሪያውን ኢፍ ቢሰርዘውና ገንዘቡ በኮሌክት በኩል ቢቆረጥ ቴስቱ ያልፋል።

ማይፓይ ለምን አልያዘውም? ማይፓይ የሚያነባቸው የታይፕ መግለጫ ፋይሎች ሞክን ከኤኒ የሚወርስ ክላስ አድርገው ስለሚገልጹት ነው። ከኤኒ የወረሰ ነገር ማንኛውም አትሪቢዩት አለው፣ ማንኛውም ፓራሜትር ጋም ይገባል። ሲሮጥም ሞክ የተጠየቀውን ስም ሁሉ እዚያው ፈጥሮ ይሰጣል።

ማስተካከያው በደረጃ ነው። «ሞክ(ስፔክ=ጌትዌይ)» ብትሉ በክላሱ ላይ የሌለ ስም ሲጠራ ቴስቱ በአትሪቢዩትኤረር ይወድቃል። «ክሪኤት_አውቶስፔክ(ጌትዌይ፣ ኢንስታንስ=ትሩ)» ደግሞ የሜተዶቹን ፓራሜትሮች ጭምር ያያል፤ አንድ የጎደለ ወይም የተረፈ ካለ ታይፕኤረር ይወረውራል። ሁለቱም ግን የሚሰሩት ኮዱ ሲሮጥ ነው። ሁለቱም የፓራሜትሩን ታይፕ አይፈትሹም፤ ኢንት በሚጠበቅበት ስትሪንግ ብትሰጡት አውቶስፔክ ግድ የለውም፤ ማይፓይም የአውቶስፔክን ውጤት የሚያየው እንደ ኤኒ ነው።

ስለዚህ በራሳችሁ ለጻፋችሁት ክላስ ሞክን ትታችሁ በእጅ የተጻፈ ፌክ ክላስ ብትጠቀሙ እመርጣለሁ። ጥሪዎቹን ሊስት ውስጥ የሚያስቀምጥ አስር መስመር ኮድ ይበቃል፤ ማይፓይ ደግሞ እንደ ማንኛውም ክላስ ይፈትሸዋል።

ሌላው የሞክ ወጥመድ «አሰርት_»ን መርሳት ነው። «ቻርጅ.ኮልድ_ዋንስ_ዊዝ(500)» ተብሎ ሲጻፍ ምንም ሳያረጋግጥ ያልፍ ነበር። ከፓይተን 3.12 ጀምሮ እንዲህ ያለው ስም ራሱ ኤረር ይሰጣል። የቆየ ቨርዥን ላይ ያላችሁ ኮዳችሁ ውስጥ ፈልጉት።

ምልክት፦ ፌክ ክላሱ ላይ ማይፓይ ስለ ሊስኮቭ መርህ ያወራል

ጌትዌይ ላይ ቻርጅ ኢንትና የገንዘብ ዓይነቱን ይቀበላል። ፌኩ ላይ ግን ለቴስቱ ስለማያስፈልግ ሁለተኛውን ትታችሁታል። ማይፓይ የልጁ ክላስ ሜተድ ከወላጁ ጋር አይገጥምም ይላል፤ ፓራሜትሩ ቢኖርም ታይፑ ከጠበበ የባርባራ ሊስኮቭን መርህ ስም ጠርቶ ይከሳል። ክሱ ትክክል ነው። ፌኩ የጌትዌይ ልጅ ነኝ ካለ ጌትዌይ በሚገባበት ሁሉ መግባት አለበት። የጎደለውን ፓራሜትር ጨምሩ። ኤረሩን የሚያፍን ኢግኖር አታስገቡ፤ ፌክ የጻፍነው ለዚህ ጥበቃ ነው። ጌትዌዩ ሃያ ሜተድ ኖሮት ክፍያው የሚጠቀመው አንዱን ብቻ ከሆነ፣ ያቺን አንድ ሜተድ የያዘ ፕሮቶኮል (ከፓይተን 3.8 ጀምሮ አለ) ጻፉና ክፍያው እሱን ይቀበል፤ ፌኩ ከማንም መውረስ አያስፈልገውም።

ምልክት፦ «ነን» ኢሜይል የሚባል አትሪቢዩት የለውም (የኤረሩ ስም ዩኒየን-አትር)

ደንበኛውን የሚፈልገው ሜተድ ደንበኛ ወይም ነን ይመልሳል። እናንተ «ሰልፍ.አሰርትኢዝኖትነን(ደንበኛ)» ብላችሁ አረጋግጣችኋል፣ ማይፓይ ግን ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ ያንኑ ይጮሃል። የዩኒትቴስት ሜተድ ለማይፓይ ተራ የሜተድ ጥሪ ነው፤ ከሱ በኋላ ታይፑ እንደጠበበ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የቋንቋውን የራሱን አሰርት ተጠቀሙ፦

አሰርት ደንበኛ ኢዝ ኖት ነን

ከዚህ በታች ደንበኛ ደንበኛ ብቻ ነው። አሰርትኢዝኢንስታንስም ተመሳሳይ ነው፤ በአሰርት ኢዝኢንስታንስ ተኩት።

ምልክት፦ ሴትአፕ ውስጥ የሞላሁት አትሪቢዩት ሁሉ ነን ሊሆን ይችላል ይባላል

ክላሱ ራስ ላይ «ክፍያ: ክፍያ_ክላስ | ነን = ነን» ብላችሁ ስለጀመራችሁ ነው። «| ነን = ነን» የሚለውን ቁረጡ፤ ዋጋ ሳይሰጡ ታይፑን ብቻ ማስታወቅ ይቻላል፣ ሴትአፕ ይሞላዋል።

ምልክት፦ «ሜተድ ላይ መመደብ አይቻልም»፣ ወይም «ኮለብል (ሊጠራ የሚችል ነገር) አሰርት_ኮልድ_ዋንስ የለውም»

«ሰልፍ.ጌትዌይ.ቻርጅ = ሞክ()» ብላችኋል። ለማይፓይ ቻርጅ አሁንም የጌትዌይ ሜተድ ነው። በፓች.ኦብጀክት ተኩትና «አዝ ቻርጅ_ሞክ» ብላችሁ ያዙት፤ ማረጋገጫውን በቻርጅ_ሞክ ላይ ጻፉ።

ምልክት፦ መውደቅ የማይችል ቴስት

«ሰልፍ.አሰርትኖትኢኳል(ድምር፣ "150")»። ድምር ኢንት ስለሆነ ከስትሪንግ ጋር መቼም እኩል አይሆንም፤ ቴስቱ ሁልጊዜ ያልፋል። ማይፓይ ዝም የሚለው የሜተዱ ሁለት ፓራሜትሮች በመግለጫ ፋይሉ ላይ ኤኒ ስለሆኑ ነው። «አሰርት ድምር != "150"» ብትሉና «ስትሪክት_ኢኳሊቲ» ቢበራ ግን ሁለቱ ታይፖች እንደማይገናኙ ይነግራችኋል።

ምልክት፦ ሆን ብዬ የተሳሳተ ታይፕ ስሰጥ ማይፓይ ይከለክለኛል

ቻርጅ ስትሪንግ ሲሰጠው ታይፕኤረር እንዲወረውር ትፈልጋላችሁ፤ አሰርትሬይዝስ ውስጥ ስትሪንግ ሰጣችሁት፤ ማይፓይ በ«አርግ-ታይፕ» አስቆማችሁ። እዚህ ጋ ማፈን ተገቢ ነው፤ ግን በኤረሩ ስም፦

# ታይፕ: ኢግኖር[አርግ-ታይፕ]

ባዶ ኢግኖር እዚያ መስመር ላይ ያለ ሌላ ስህተትንም ይሸፍናል። «ዋርን_አንዩዝድ_ኢግኖርስ»ንም አብሩ። አንድ ሰው ነገ ቻርጅን ስትሪንግም እንዲቀበል ቢያላላው ኢግኖሩ ስራ ፈት ይሆናል፤ ማይፓይም የቻርጅ ፊርማ የላላ ዕለት እዚችው መስመር ላይ ይጮሃል።