«ይቅር ተባባሉ» ሳይሉ፦ ትንኮሳ የሌለበት የሥራ ቦታ እንዴት ይፈጠራል?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። የጥምቀት ሰሞን ነው፣ አልጋው ሁሉ ሞልቷል። አንዲት አስተናጋጅ መጥታ፣ ሂሳብ ስታስረክብ ካሸሩ እጇን እየያዘ እንዳስቸገራት ነገረችኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ሁለቱንም ቡና ላይ ጠርቼ «በሉ ይቅር ተባባሉ» አልኳቸው። ተጨባበጡ። ያንኑ እጅ እንደገና ያስያዝኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። በዓሉ እንዳለፈ ሥራ ለቀቀች።

ከራስዎ ይጀምሩ። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው። አለቃው ጸሐፊዋን «የኔ ቆንጆ» እያለ የሚጠራ ከሆነ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ደንብ ማንም አያነበውም። ጽዳት ሠራተኛዋንም በስሟ ይጥሩ። በዕድሜ ለገፉት «አንቱ» ማለትን ጎንደሬ ተምሮት አያውቅም፣ አብሮት ያደገ ነው። ሥራ ቦታ ሲደርስ ለምን እንደሚረሳው እንጃ።

ቀጥሎ የተከለከለውን በስሙ ይጥሩት። «ሥነ ምግባር ይጠበቅ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ሺፍት ሲቀያየር ሠራተኛውን ሰብስበው፣ መነካካት፣ በሰው ገላ መቀለድ፣ ማታ ማታ እየደወሉ ማስጨነቅ፣ «ሺፍትሽን ላስተካክልልሽ፣ እራት እንብላ» ማለት ክልክል ነው ይበሉ። የሚስቅ አይጠፋም። እርስዎ አብረው አይሳቁ።

ቅሬታ የሚቀበሉ ሁለት ሰዎች ይምረጡ፣ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ሁለት የሚሆኑት ቅሬታው በአንዱ ላይ ሊሆን ስለሚችል ነው። በእርስዎም ላይ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ከባዱ። እኛ አገር ሽምግልና የማይገባበት ጉዳይ የለም። ለድንበር፣ ለባልና ሚስት ጠብ መልካም ነው። ግን ሽምግልና የሚያስታርቀው የተጣሉ ሰዎችን ነው፣ እሷ ደግሞ ከማንም አልተጣላችም። ስለዚህ ሽማግሌነቱን ይተዉትና ያድምጧት። «ቀልዶ ይሆናል»፣ «ምን ለብሰሽ ነበር?» አይበሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን እንደነበረ ይጻፉና መልሰው ያንብቡላት። የተከሰሰውንም ለብቻው ጠይቀው ቃሉን ይመዝግቡ። እስኪጣራ ድረስ መለየት ካለባቸው የእሱ ሺፍት ይቀየር። እኛ ግን የለመድነው እሷን ማዛወር ነው፣ ጉርሻ ከሚገኝበት አዳራሽ ወደ ልብስ ማጠቢያ። ተናግራ ተቀጣች ማለት ነው። ይህን ያየች ሌላዋ ደግማ አትናገርም።

የሚያስቸግረው እንግዳው ቢሆንስ? «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ይባላል፣ ጎንደር ደግሞ ንጉሥ ብርቋ አይደለም። አስተናጋጇን ከጠረጴዛው ያንሱና ሂሳቡን ይዘው ራስዎ ይሂዱ። አምሽተው ለሚወጡት ደግሞ የባጃጁን ድርጅቱ ይክፈል።

ሕጉንም ይወቁት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ከተነኮሳት፣ ወይም ባልደረባዋ መተንኮሱ ተነግሮት አሠሪው ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላለች። ካሳም ይገባታል።

ያኔ ይህን እሷም አላወቀችም፣ እኔም አላወቅኩም። መልቀቂያዋ ላይ «በግል ምክንያት» ብላ ጻፈች። ፈረምኩበት።