ስርቆት ከተረከዝ ይጀምራል

ልጃቸው ማታ ቤት ገብቶ «ዛሬ ሁለት ሰረቅሁ» ቢላቸው፣ አንዲት እናት በማግስቱ እኔ ዘንድ መጡ። «መምህር፣ ምንድን ነው የሚያስተምሯቸው?» በቤዝቦል መስረቅ ማለት መቺው ኳሱን እስኪመታ ሳይጠብቁ፣ ወርዋሪው ሊወረውር ሲነሣ ወደሚቀጥለው ቤዝ (ሯጭ ወደሚያርፍበት ምልክት) መሮጥ መሆኑን እስካስረዳቸው ድረስ ፊታቸው አልተፈታም።

እኛ የምንጫወተው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ ሣር ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቤዞቻችን ጭድ የተጠቀጠቀባቸው የማዳበሪያ ከረጢቶች ናቸው። በሕጉ ከቤዝ እስከ ቤዝ 27.4 ሜትር ነው፤ ለትንንሾች 18 ሜትር ይበቃል።

ልጆች ስርቆት የፈጣን እግር ሥራ ይመስላቸዋል። ከሁሉም ፈጣኑ ልጅ ግን በየሳምንቱ ይያዝብኛል፤ ዓይኑን ከኳሱ ላይ አይነቅልም። አንደኛው ቤዝ ላይ ስትሆኑ ኳሱን ተዉትና የወርዋሪውን ተረከዝ እዩ። በቀኝ እጁ የሚወረውር ሰው የቀኝ ተረከዙ ቀድሞ ከተነሣ ወደ እናንተ ሊዞር ነው፤ ተመለሱ። የግራ እግሩ ቀድሞ ከተነሣ ወደ መቺው ሊወረውር ነው፤ ሂዱ። ግራኝ ወርዋሪ ፊቱን ወደ አንደኛው ቤዝ ስለሚያዞር ጀማሪ ባይሞክረው ይሻላል። ከቤዙ የምትርቁት ሦስት እርምጃ ያህል ነው፤ ድንገት ቢወረወርባችሁ ተንደርድራችሁ ከረጢቱን በእጃችሁ የምትነኩበት ርቀት ይሁን። እኔ ኳስ ሳልይዝ ወርዋሪ ሆኜ እቆምና ግማሽ ሰዓት ተረከዝ ብቻ አስነብባቸዋለሁ። ይሰለቻሉ፤ ይሰልቹ።

አነሳሱ እንዲህ ነው፦ ጉልበት ዕጥፍ፣ የቀኝ እግር ጣት ወደ ሁለተኛው ቤዝ ዞር፣ ግራው ተሻግሮ የመጀመሪያውን እርምጃ ይውሰድ። አብዛኛው ልጅ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አንድ እርምጃ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። ከአንድ ታንኳ ቀዛፊ የለመንኩትን ሸንበቆ ከጭንቅላታቸው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ አግድም እይዘዋለሁ። ቀና ያለ ይመታዋል፤ ሌላ ንግግር አያስፈልግም።

ቤዙ ጋ ሲደርሱ የሚደረገውን መንሸራተት በውሃ በራሰ ላስቲክ ላይ አለማምዱ፦ አንዱ እግር ከሌላው ሥር ታጥፎ፣ በታፋ ተቀምጦ፣ እጆች ወደ ላይ። የድሮው አሜሪካዊ ተጫዋች ቢሊ ሃሚልተን እጁን ዘርግቶ በጭንቅላቱ ቀድሞ በመንሸራተት የታወቀ ነበር፤ የእኔ ልጆች ግን ሰኞ እርሳስ የሚይዙበት ጣት ያስፈልጋቸዋል።

«ሃሚልተን እኮ በ1889 ዓ.ም. 111 ቤዝ ሰርቋል» ይሉኛል (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አዎ፤ ሂዩ ኒኮልም በ1887 ለሲንሲናቲ ቡድን ሲጫወት 138፣ አርሊ ሌተም በዚያው ዓመት 129 ሰርቀዋል። ታይ ኮብ በ1915 የሰረቀው 96 ነው። ይህን አይታችሁ ኮብን አትናቁ። እስከ 1897 ድረስ አንደኛ ቤዝ ላይ የነበረ ሯጭ፣ ጓደኛው በመታው ኳስ ሁለተኛው ላይ ማረፍ ሲገባው ሦስተኛው ከደረሰ፣ ያቺ ትርፍ ቤዝ እንደ ስርቆት ትጻፍለት ነበር። በ1898 ሕጉ ተለወጠና ይህ ቀረ። ሪኪ ሄንደርሰን በ1982 የሰረቃቸው 130 ቤዞች በአዲሱ ሕግ የተቆጠሩ ናቸው።

የኒኮልን ዘመን ስስት ግን እወደዋለሁ፤ ትርፍ ቤዝ የሚመኝ ልጅ ነቅቶ ይጫወታል። ስለዚህ በደብተሬ ላይ ሁለት ዓምድ አስምሬያለሁ፤ አንዱ የኒኮል፣ ሌላው የኮብ። ፈጣኑ ልጅ በኒኮል ዓምድ 11፣ በኮብ ዓምድ 2 አለው። ደምሬ እንድነግረው በየሳምንቱ ይጠይቀኛል።