ፎቶው ከፍሬሙ መስታወት ጋር ሲጣበቅ (እና ሌሎች የቆዩ ፎቶዎች ችግሮች)

ምልክት፦ ፍሬሙን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ በጎን ስታዩት የተጣበቀው ቦታ ውሃ የነካው ይመስል ጠቆር ብሎ ያብለጨልጫል፤ ያልተጣበቀው ደብዘዝ ይላል። ክረምት ሲወጣ የሚያጋጥም ብልሽት ነው።

ምክንያት፦ በስቱዲዮ የታጠበ ፎቶ ምስሉ ያለው ወረቀቱን በሸፈነው ስስ ጄላቲን ውስጥ ነው። ጄላቲን እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ይለሰልሳል፣ የነካውን መስታወት ይይዛል፣ በጋ ሲመጣ እዚያው ይደርቃል። ጥፋቱ የፍሬም አሠራሩ ነው፦ ፎቶውን መስታወቱ ላይ አስተኝቶ ከኋላ በካርቶንና በምስማር መጠርቀም። የ3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ብትኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

መፍትሄ፦ አትላጡት! ጥግ ይዞ ቀስ ብሎ መሳብም መላጥ ነው። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ይመጣል፣ የአያት ፊት መስታወቱ ላይ ይቀራል። ምላጭ አታስገቡ፤ በፀጉር ማድረቂያም አታሙቁት።

መጀመሪያ ከነመስታወቱ ፎቶ አንሱት፦ ፍላሽ ጠፍቶ፣ ብርሃን ከሁለት ጎን መጥቶ፣ ነጸብራቅ እንዳይገባ ከካሜራው ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ተዘርግቶ። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ማቆም ይሻላል። ፎቶው አንድ ብቻ ከሆነና ልባችሁ ካመነታ፣ ከነመስታወቱ አስቀምጡት።

ውሃ ውስጥ መንከር የሚቻለው በስቱዲዮ የታጠበውን ብቻ ነው። በኢንክጄት (ቀለም በሚረጭ) ማተሚያ የወጣ ቀለሙ ይፈስሳል። የሻገተውንም አትንከሩ፤ ሻጋታ የበላው ጄላቲን ውሃ ውስጥ ይሟሟል። በእጅ ቀለም የተቀባ ወይም ጀርባው በቀለም የተጻፈበት ከሆነም ተዉት።

የሚነከር ከሆነ መስታወቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ሰፊ ትሪ ላይ አስተኙት፤ ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ሙሉበት። ለብ ያለ ውሃ ጄላቲኑን ከመጠን በላይ ሊያለሰልሰው ይችላል። የድሮው ጥቁርና ነጭ ወረቀት ውሃ ቶሎ ይጠጣል። በፕላስቲክ የተሸፈነው የቀለም ፎቶ ግን ውሃ የሚገባው በጠርዙ ብቻ ስለሆነ ሰዓታት ይፈጃል። አትገፉት፣ ራሱ ይላቀቅ። ሲወጣ ገጹን ጣት አይንካው፤ በንጹህ ነጭ ጨርቅ ላይ ምስሉ ወደ ላይ ሆኖ በጥላ ይድረቅ። መልሳችሁ ስትሰቅሉ በፎቶውና በመስታወቱ መካከል መሀሉ የተቆረጠ ካርቶን አስገቡ፤ ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ላይም አትስቀሉ።

በሚያጣብቅ አልበም ላይ የቀረ፦ ሙጫው ራሱ ፎቶውን ያበላሻል። ሰም ያልተቀባ የጥርስ ክር ከጀርባው አስገብታችሁ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱ፤ ፎቶውን አታጥፉ።

ቀለሙ ወደ ቀይ የሄደ፦ ሰማያዊው ቀለም ጠፍቷል፤ በጨለማ ሻንጣ ውስጥም ይጠፋል። ወረቀቱ አይመለስም፤ ስካን አድርጋችሁ ቅጂውን አስተካክሉ።

ጠርዙ ላይ ሰማያዊ የብር ነጸብራቅ፦ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስል የተሠራበት ብር ወደ ላይ ወጥቷል። አትፈትጉት።

ሻጋታ፦ የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ ሲያልፍ ይመጣል። መጀመሪያ አየር ባለው ደረቅ ጥላ ይድረቅ፤ ከዚያ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። እርጥቡን ሻጋታ መጥረግ ወደ ምስሉ ማሸት ነው።

ጠንካራ የላስቲክ ሽታ ያለው የፎቶ ከረጢት ፒቪሲ የተባለው ፎቶ የሚጎዳ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል፤ ጣሉት። ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር የተባለውን ግዙ። ፎቶዎቹን በጎማ ላስቲክ አትጠምጥሙ። ናፍታሊንም ከፎቶ ሣጥን ይውጣ።