ቢጫውን ሁሉ አደይ አይበሉ፦ በጣና ዳር ራነንኩለስን እንዴት እንለያለን?

በመስከረም የባሕር ዳር ዙሪያ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ነው፤ ስለዚህ በቀለም ብቻ አበባ እለያለሁ የሚል ሰው ከመነሻው ተሸውዷል። በደጋና በወይና ደጋ እርጥብ መሬት የሚበቅለው ራነንኩለስ መልቲፊደስ የተባለ ቢጫ አበባ የወጥ ቤታችን የጥቁር አዝሙድ ዘመድ ነው፤ ከአደይ ጋር ዝምድና የለውም።

መጀመሪያ ቦታውን ይምረጡ። ራነንኩለስ እግር የሚያርስ መሬት ይወዳል፦ የቦይ ዳር፣ የምንጭ አካባቢ፣ ጨፌ። ደንገሉ ውስጥ ግን አይግቡ፤ እዚያ መሬት መስሎ የሚታየው ሁሉ እግር አይሸከምም።

ቀጥሎ አበባውን ከላይ ይመልከቱት። ብዙውን ጊዜ አምስት፣ ቅቤ እንደተቀባ ፊት የሚያብረቀርቁ የአበባ ቅጠሎች አሉት። መሃሉ ላይ ብዙ ቢጫ ክሮች፣ በክሮቹ መካከል ደግሞ እርስ በርስ ያልተጣበቁ ጥቃቅን አረንጓዴ ፍሬዎች ተከማችተው ይታያሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ዘር ይይዛሉ። አደይ በበኩሉ አንድ አበባ ይምሰል እንጂ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው።

ከሁሉም ይልቅ እኔ የምተማመንበት ምልክት ይህ ነው፦ አንዷን የአበባ ቅጠል በጥንቃቄ ነቅለው የውስጥ ግርጌዋን በአጉሊ መነጽር ይዩ። የአበባ ማር የሚመነጭባት ትንሽ ኪስ ወይም ቅርፊት ካለች፣ ጥርጣሬው በአብዛኛው አበቃ።

ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ሉድዊጂያም አምስት ቢጫ የአበባ ቅጠሎች ስላሉት ያሳስታል። እርሱን ከጎን ይዩት፤ ዘር የሚይዘው ክፍል ከአበባው ቅጠሎች በታች፣ እንደ ዘንግ ረዝሞ ይገኛል። የራነንኩለስ ፍሬዎች ግን ከላይ፣ በአበባው መሃል ናቸው። የተክሉ ቅጠልም በጥልቀት የተሰነጣጠቀና ጠርዙ ጥርሳም ነው።

ሲጨርሱ እጅዎን ይታጠቡ። ተክሉ ሲጨፈለቅ ቆዳ የሚያቃጥልና ውሃ የሚያስቋጥር ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ዘመዱ አዞ ሐረግም እንዲሁ። ስለዚህ አይቅመሱት፣ ቁስል ላይም አያድርጉት። ለማስታወሻ ከፈለጉ ከላይ፣ ከጎንና ቅጠሉን ለየብቻ ፎቶ ያንሱ።