ኩርሽም የሚል የበሬ ዝልዝል በቴክሳስ አጠባበስ፣ ከነማጥቀሻው

የአሜሪካ ደቡብ ሰዎች፣ በተለይ ቴክሳሶች፣ ቀይ የበሬ ሥጋ ቀጥቅጠው፣ በአሬራ ዘፍዝፈው፣ በዱቄት ለብጠው በብዙ ዘይት ይጠብሱታል። «ቺክን ፍራይድ ስቴክ» የሚሉት ዶሮ ስላለበት ሳይሆን አጠባበሱ የዶሮ ስለሆነ ነው። አመጣጡም ወደ ቴክሳስ ከተሰደዱ ጀርመኖችና ኦስትሪያውያን ሽኒትዝል ጋር እንደሚያያዝ ይነገራል። በጣት ልክ ሲዘለዘል ደግሞ «ስቴክ ፊንገር» ይሆናል።

ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ወይም ሰበታ ለሚኖር ሰው የሚያስፈልገው ሁሉ በቅርብ አለ፤ ሥጋው፣ አሬራው፣ ትኩስ ወተቱ። የሚያስቸግሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ዛሬ የታረደ ሥጋ እና የአገሩ ከፍታ። የውጭውን አሠራር ቃል በቃል የተከተለ ሰው ላዩ የጠቆረ፣ ውስጡ እንደ ጠፍር የጠነከረ ጥብስ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ ምክንያት ነው።

ሥጋው

ለአራት ሰው 700 ግራም ቀይ ሥጋ ይበቃል። ሽንጥ ቢሆን ይመረጣል። የኋላ ጭን ሥጋም በደንብ ከተቀጠቀጠ ያምራል፤ ዋጋውም ይሻላል። ፍሪምባና ወርች ግን ለወጥ ይሁኑ፤ ጅማታቸው በአራት ደቂቃ ጥብስ አይፈታም። ሥጋ ቆራጩን «ጮማ የሌለው፣ ጅማቱ የወጣ፣ ባንድ ወፍራም ቁራጭ» በሉት። እዚያው ለጥብስ ከቆራረጠላችሁ የሥጋው ክር ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ አይቻልም፤ የሚቀጥለው ሥራ ሁሉ ደግሞ በክሩ ላይ ነው የቆመው።

ለቁርጥ የሚወደደው ትኩስነት ለዚህ ጥብስ ጠላት ነው። ከብቱ ከታረደ በኋላ ባሉት ሰዓታት ጡንቻው ተኮማትሮ ይገተራል፤ በዚያ ሰዓት ከተጠበሰ የቱንም ያህል ቢቀጠቀጥ ጥርስ ያደክማል። ከአንድ ቀን በኋላ ግን በራሱ በሥጋው ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ክሩን ማላላት ይጀምራሉ። ስለዚህ ለእሑድ ምሳ የሚሆነውን ቅዳሜ ጠዋት ገዝቶ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ነው። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ቤቶች ስለሚዘጉ በሳምንቱ መሃል ለሚሠራ ሰው ማክሰኞ ሊገዛ የሚችለው የሰኞ እርድ እንደሆነ መጠየቅ ያዋጣል። መብራት ከአራት ሰዓት በላይ ጠፍቶ ፍሪጁ ከሞቀ ግን ሥጋውን ለነገ አታቆዩት።

ከመቁረጣችሁ በፊት 40 ደቂቃ ያህል ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። ጠንከር ስለሚል ቢላው አይንሸራተትም፤ ውፍረቱም እኩል ይወጣል። አሁን ክሩን ፈልጉ፤ ላዩ ላይ ጎን ለጎን የተኙ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። ቋንጣ ስንዘለዝል ክሩን ተከትለን ነው የምንሄደው። እዚህ ግን ክሩን አቋርጣችሁ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ጠፍጣፋ ቁራጮች አውጡ። እንዲህ ሲቆረጥ ክሩ ከላይ ወደ ታች ቆሞ ይቀራል፤ ርዝመቱም ከቁራጩ ውፍረት አይበልጥም፤ ጥርስ የሚቆርጠው አጭር ክር ብቻ ይሆናል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ አንዱን ቁራጭ በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። መሃሉ ላይ መበጠስ ከጀመረ ልክ ነው፤ እንደ ገመድ ከተለጠጠ ሥጋውን አዙራችሁ ቁረጡ።

ቁራጮቹን በሁለት ንጹሕ ፕላስቲክ መካከል አድርጋችሁ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥቅጡ። የሥጋ መዶሻ ከሌለ ዘነዘና ይሠራል፤ ወፍራም ጫፉን ተጠቀሙ። 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ አቁሙ። ከዚያ ካለፈ ሥጋው ይቀደዳል፤ በቀዳዳው የሚወጣው ፈሳሽ ኋላ ቅርፊቱን ከሥጋው ያላቅቀዋል። ከዚያ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ የመሃል ጣት ርዝመት አድርጋችሁ ዘልዝሉ።

አሬራው

ደቡቦቹ «በተርሚልክ» የሚሉት ጥንት ቅቤ ከተናጠ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ ነበር፤ ማለትም አሬራ። ስለዚህ አሬራ ካገኛችሁ ሌላ ምትክ አትፈልጉ። ከሌለ ሁለት እጅ እርጎ በአንድ እጅ ወተት ቀጥኖ ይተካዋል። ግማሽ ሊትር አሬራ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ ጨምራችሁ ዝልዝሉን ዘፍዝፉ፤ ተከድኖ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። አሬራው በጣም ከኮመጠጠ 2 ሰዓት ይበቃዋል፤ አሲዱ ሲበዛ የሥጋውን ላይ ያላሽቀዋል፤ ዱቄትም አይዝም። በወይራ ጭስ ከታጠነ ዕቃ የመጣ አሬራ ጭሱን ይዞ ይመጣል፤ ከበሬ ሥጋ ጋር የሚስማማውን ያህል ከዶሮ ጋር አይስማማም፤ ካገኛችሁ አትለፉት።

ዱቄቱ

በሰፊ ሳህን ላይ 300 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 60 ግራም የበቆሎ ስታርች፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሻይ ማንኪያ አዲስ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ቀላቅሉ። ስታርቹ ቅርፊቱን ያሳሳዋል፣ ያደርቀዋልም። ቤኪንግ ፓውደሩን የውጭ አሠራሮች እጥፍ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚያንስ ጋዙ ይበልጥ ይነፋል፤ ሲበዛ ቅርፊቱ አረፋ ሆኖ ከሥጋው ይነሣል። በርበሬ ዱቄቱ ውስጥ አትጨምሩ። ውስጡ ያለው ቅመም ዘይት ውስጥ አርሮ ይመራል፤ የበርበሬው ቦታ ማጥቀሻው ነው።

ዝልዝሉን ከአሬራው አውጥታችሁ አንጠፍጥፉ። በቀረው አሬራ ውስጥ አንድ እንቁላል ምቱበት። ከዚህ አሬራ 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄቱ ላይ ረጭ አድርጋችሁ በጣት ፈትጉት፤ ትናንሽ ፍርፋሪ ይፈጠራል። ያ የሚያምረው ሸካራ ቅርፊት የሚወጣው ከዚህ ፍርፋሪ ነው፤ ደረቅ ዱቄት ብቻ ከሆነ ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ዝልዝሉ ዱቄት፣ ቀጥሎ አሬራ፣ እንደገና ዱቄት ይግባ። በሁለተኛው ጊዜ በመዳፍ ጫን ጫን አድርጉት። አንድ እጅ ለእርጥብ፣ አንድ እጅ ለደረቅ ይሁን፤ አለዚያ ጣታችሁ ራሱ ይለበጣል።

የተለበጠውን በወንፊት ወይም በሽቦ ፍርግርግ ላይ ሳይደራረብ 15 ደቂቃ አሳርፉት። ይህች ዕረፍት የምትዘለል አይደለችም። ዱቄቱ እርጥበቱን ጠጥቶ እንደ ሊጥ ከሥጋው ጋር ይጣበቃል። ነጭ ነጭ ብሎ የደረቀ ቦታ ካልቀረ ደርሷል።

ዘይቱና ከፍታው

20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ወፍራም ድስት ውስጥ 1 ሊትር የሱፍ ዘይት 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይሰጣል፤ ይበቃል። ዘይቱ ከድስቱ ግማሽ አይለፍ። የሚረጋው የፓልም ዘይት ይጠብሳል፣ ግን ጥብሱ ሲቀዘቅዝ ላንቃ ላይ ይረጋል። የኑግ ዘይት ደግሞ ጣዕሙ ሥጋውን ይሸፍነዋል።

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሥጋውና በሊጡ ውስጥ ያለው ውሃም ቶሎ ተንኖ ይወጣል። ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይጠቁራል፤ ውስጡ ግን ገና ነው። መፍትሔው ዘይቱን ማብረድ ነው፤ የውጭው አሠራር 190 ዲግሪ ካለ እናንተ 175 ላይ ጀምሩ። ሥጋው ሲገባ ይወርዳል፤ ከ155 በታች እንዳይወርድ ግን ጠብቁት። መለኪያ ከሌለ የእንጨት ማንኪያ እጀታ ዘይቱ ውስጥ አቁሙ፤ ዙሪያውን ደቃቅ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ ደርሷል። አረፋው ትልልቅ ሆኖ ከተንጨረጨረ አልፎበታል። ዘይቱ ከጨሰማ ወዲያው አውርዱት።

በአንድ ጊዜ ከ5 ወይም ከ6 ዝልዝል በላይ አታስገቡ፤ ከራሳችሁ ወደ ውጭ አስተኙት። የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ አትንኩት፤ ቅርፊቱ ሳይያዝ ከተነካ ይገፈፋል። ከዚያ ገልብጡ፤ በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይፈጅበታል። ጆሮም ይረዳል፤ ሲገባ የነበረው ኃይለኛ ጩኸት ቀንሶ ቀጠን ያለ ጭርርታ ሲሆን ውሃው አልቋል ማለት ነው። ሥጋው በመቀጥቀጡ የላዩ ጀርም ወደ ውስጥ ስለሚገባ፣ የኮሶ ነገርም ስላለ፣ ውስጡ ቀይ ሆኖ አይቅር፤ 70 ዲግሪ ይድረስ።

በኤሌክትሪክ ምድጃ ስትጠብሱ መብራት ከጠፋ ዝልዝሉን ወዲያው አውጡት፤ በሚበርድ ዘይት ውስጥ ከቆየ ዘይት ይጠጣል። መብራቱ ሲመለስ ዘይቱን አግላችሁ እንደገና አንድ ደቂቃ አስገቡት። ከሰል ላይ እሳቱን መቀነስ ስለማይቻል ሙቀቱ የሚስተካከለው ድስቱን በማውረድና በመመለስ ነው፤ ምድጃው የማይወዛወዝ፣ ቦታውም ከቤት ውጭ ይሁን። ዘይት እሳት ከያዘ ውሃ ፈጽሞ አይነካውም፤ ክዳን ግጠሙበት፣ እሳቱን አጥፉ።

የወጣውን ፍርግርግ ላይ አስቀምጡ። ሶፍት ላይ ከተደራረበ ወይም ከተከደነ በራሱ እንፋሎት ይላሽቃል፤ ያን ሁሉ ልፋት አምስት ደቂቃ ክዳን ያጠፋዋል።

ማጥቀሻው

የደቡቦቹ ማጥቀሻ ነጭ የወተት ሶስ ነው። ከተጠበሰበት ዘይት 3 የሾርባ ማንኪያ ከነፍርፋሪው መጥበሻ ላይ አስቀሩ (ያረረ ጥቁር ፍርፋሪ ካለ አጥልሉት)። 3 የሾርባ ማንኪያ ፉርኖ ዱቄት ጨምራችሁ በዝግታ 2 ደቂቃ አማስሉ፤ የጥሬ ዱቄት ሽታው ይጥፋ። ከዚያ ፈልቶ ለብ ያለ ግማሽ ሊትር ወተት በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ ምቱ። ባንድ ጊዜ ከተገለበጠ ይጓጉላል። ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ሲማሰል ማንኪያ የሚሸፍን ውፍረት ይይዛል፤ 1 የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬና ጨው በመጨረሻ ይግባ። ሲቆይ ስለሚወፍር ትንሽ ቀጠን እንዳለ አውርዱት።

ቅመም ለሚወድ ደግሞ 6 የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አዋዜ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ማርና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ቀላቅሉ። ሰናፍጩ ቁርጥ ላይ የሚሠራውን ሥራ እዚህም ይሠራል፤ የዘይቱን ክብደት ይሰብረዋል። ሥጋው የተዘፈዘፈበትን አሬራ ግን ለማጥቀሻ አትጠቀሙበት፤ ይደፋ።

የተረፈው ዘይት ሲበርድ በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ፣ ጨለማ ቦታ ተከድኖ ከተቀመጠ አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ ያገለግላል፤ ጠቁሮ ከከበደ ወይም ቶሎ መጨስ ከጀመረ አበቃለት። ያደረ ዝልዝል በደረቅ መጥበሻ ላይ፣ ሳይከደን፣ በመካከለኛ እሳት በእያንዳንዱ ጎን 3 ደቂቃ ቢሞቅ ኩርሽምታው ይመለሳል። ለልጆች ምሳ ዕቃ የሚሆነው ጨርሶ ሳይቀዘቅዝ አይከደን፤ ሶሱም በሌላ ዕቃ ለብቻው ይሂድ።