የኢንዶስኮፕን ዕድሜ በአጭር የሚቀጩ ስህተቶች

ተጣጣፊ ኢንዶስኮፕ (የሰውነትን ወይም የማሽንን ውስጥ ለማየት የሚገባ ቱቦ) አገልግሎ አገልግሎ ከሚያረጀው ይልቅ በአያያዝ የሚበላሸው ይበልጣል ባይ ነኝ። ጨጓራ የሚታይበትም ይሁን ሳንባ የሚታይበት፣ ሞተር ውስጥ የሚገባው ቦረስኮፕም ቢሆን አበላሸቱ ይመሳሰላል። ደጋግመው የሚያጋጥሙትን ልጥቀስ።

አጣጥፎ መጠቅለል

ቱቦው እንደልብ ሲታጠፍ ስናይ ውስጡ መስታወት መሆኑን እንረሳለን። ከጸጉር የቀጠኑ በሺዎች የሚቆጠሩ የመስታወት ክሮች አንድ ላይ ታስረዋል። ምስል የሚያመጣው ጥቅል ውስጥ እያንዳንዱ ክር በአንዱ ጫፍ የያዘውን ቦታ በሌላውም ጫፍ ይይዛል። በፈረንጆቹ 1957 ባሲል ሂርሾዊትዝ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመጀመሪያውን የፋይበር ጋስትሮስኮፕ ራሱ ላይ ሲሞክር የተጠቀመበት ዘዴም ይኸው ነው። ብርሃኑ ከክር ወደ ክር እንዳያመልጥ እያንዳንዱን ክር በሌላ ዓይነት መስታወት የሸፈነው ደግሞ ላሪ ከርቲስ የተባለ ተማሪ ነበር።

አንድ ክር ሲሰበር ምስሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትቀራለች። አትጠገንም። ብርሃን የሚያደርሰው ጥቅል ሲሰበር ግን ነጥብ አይታይም፤ ምስሉ ብቻ ይደበዝዛል። ያኔ አምፖሉ ደክሟል ተብሎ አዲስ አምፖል ይገዛል፤ ለውጥ የለም። አዲሶቹ ቪዲዮ ኢንዶስኮፖች ጫፋቸው ላይ ካሜራ ቢኖራቸውም ብዙዎቹ ብርሃን የሚያደርሱት አሁንም በፋይበር ነው። ስለዚህ ሰፋ ባለ ክብ ይጠቅልሉት። የመሳቢያና የሳጥን ክዳን ሲዘጋ ደግሞ ቱቦው መሃል አለመግባቱን ይዩ።

ሊክ ቴስት መዝለል

ሊክ ቴስት ማለት ቱቦው ቀዳዳ እንዳለው አየር ሞልቶ መፈተሽ ነው። እሱን መዝለል በእኔ እይታ ከሁሉም ውዱ ስህተት ነው። ሰው ይቸኩላል፣ ሦስት ታካሚ ውጭ ተቀምጧል፣ "ትናንት ደህና ነበር" ይባልና መሣሪያው በቀጥታ ውሃ ውስጥ ይገባል። ላስቲኩ ላይ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ካለ ውሃው ሰተት ብሎ ይገባል። ሽቦው ይዝጋል፣ ሌንሱ ጉም ይለብሳል፣ ኤሌክትሮኒክሱ ይቃጠላል።

አሠራሩ ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። ቫልቮቹን ያውጡ። ሊክ ቴስተሩን መሣሪያው ደረቅ እያለ ይግጠሙና አየር ይሙሉ፤ ከዚያ ይንከሩት። መጀመሪያ የሚወጡት አረፋዎች ቻናሉ (መሣሪያና ፈሳሽ የሚያልፍበት የቱቦው ውስጣዊ መተላለፊያ) ውስጥ የነበረ አየር ስለሆኑ አያስደንግጡዎ። ከዚያ ጫፉን በመቆጣጠሪያው ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ቀኝ ያጥፉት። ቀጥ ሲል የተደፈነ ቀዳዳ ሲታጠፍ ይከፈታል፤ ከአንድ ቦታ ሳያቋርጥ የሚወጣ አረፋ ካዩ መሣሪያው ወደ ጥገና ነው። ሲጨርሱ ከውሃው ካወጡት በኋላ ነው ቴስተሩን የሚነቅሉት። ውሃ ውስጥ እያለ ከነቀሉት በገዛ እጅዎ በር ከፈቱለት።

ቆቧን መርሳት

እኛ አገር በርዳታም በግዢም ብዙው መሣሪያ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው። ከፍታ ላይ የውጭው ግፊት ስለሚቀንስ ውስጡ የታመቀው አየር ላስቲኩን እንዳያፈነዳ አየር የምታስወጣ ትንሽ ቆብ ትገጠምለታለች። ለጥገና ወደ ውጭ ሲልኩት መግጠም፣ ሲደርስ ደግሞ ሳይነከር በፊት ማውለቅ የግድ ነው። እሷ እንዳለች መንከር ማለት ቀዳዳውን ከፍቶ መንከር ነው። ርዳታውን ሲረከቡም ቆቧና ሊክ ቴስተሩ አብረው መምጣታቸውን ሳያረጋግጡ አይፈርሙ።

ሳያጥቡ ኬሚካል ውስጥ መዘፍዘፍ

ጀርም መግደያው ኬሚካል ግሉታራልዴሃይድ ኃይለኛ ነውና ሁሉን ይገድላል ተብሎ ይታመናል። ነገር ግን ደምና ንፍጥ ሳይወገድ ከገባ ፕሮቲኑን ቻናሉ ግድግዳ ላይ ያጣብቀዋል፤ ጀርሙም ከሥሩ ይደበቃል። ስለዚህ ምርመራው እንዳለቀ፣ እዚያው አልጋው አጠገብ፣ ውጩ ይጠረጋል፣ በቻናሉም የሳሙና ውሃ ይሳባል። ከሊክ ቴስቱ በኋላ ብሩሹ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይቦረሻል። መዘፍዘፉ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በፈረንጆቹ 2015 ሎስ አንጀለስ፣ ዩሲኤልኤ ሆስፒታል፣ በዱኦዲኖስኮፕ (እስከ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ በሚደርስ ኢንዶስኮፕ) አማካይነት ብዙ መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ 7 ሰዎችን ይዞ 2ቱ መሞታቸው ይፋ ሆኗል። እዚያ ችግሩ የአጣቢው ብቻ አልነበረም፤ ጫፉ ላይ ያለችው ማንሻ አሠራሯ ራሱ ለብሩሽ አይመችም። በደንብ ታጥቦም ካስቸገረ፣ ሳይታጠብ ምን ሊሆን ነው?

እርጥቡን ሳጥን ውስጥ መክተት

የመጣበት ሳጥን ለጉዞ እንጂ ለማስቀመጫ አይደለም። ውስጡ ያለው ስፖንጅ አይታጠብም። ቻናሉ ውስጥ የቀረች ጠብታ ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ባክቴሪያ ስታራባ ታድራለች። በአልኮልና በአየር አድርቀው፣ ቫልቮቹን አውጥተው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ቀጥ አድርገው ይስቀሉት።

አውቶክሌቭ ውስጥ መክተት

አውቶክሌቭ በእንፋሎት ሙቀት ጀርም የሚገድል ማሽን ነው፤ ኢንዶስኮፑን አይከቱበት። አምራቹ ይቻላል ብሎ ካልጻፈ በቀር ሙቀቱ ማጣበቂያውንና ላስቲኩን ያቀልጠዋል።

በጉልበት መሥራት

ጫፉን የሚያጥፉት ሽቦዎች እንደ ብስክሌት ፍሬን ሽቦ ናቸው፤ ሲጎተቱ ይረዝማሉ፣ ከዚያም ይላላሉ። ጫፉን በእጅ ይዞ ማጠፍ፣ የጫፉን መቆለፊያ ሳይለቁ ማውጣት፣ ጫፉ እንደታጠፈ ባዮፕሲ ፎርሴፕስ (ለምርመራ ቁራጭ ሥጋ የሚቆነጥር መቆንጠጫ) መግፋት፣ ሁሉም ጉዳት ነው። የፎርሴፕሱ አፍ ሳይዘጋ ከተገፋማ ቻናሉን ይቀደዋል። በአፍ ለሚገባው ደግሞ የጥርስ መከላከያ አይርሱ። የነቃ ታካሚ ሳያስበው ይነክሳል።

ሞተር ላይ

ጋራዥ ውስጥ የሚታየው ስህተት ሁለት ነው። አንደኛው ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ማስገባት። ሁለተኛው ቱቦው ውስጥ እያለ ሞተሩን ማሽከርከር፤ ፒስተን ይጨፈልቀዋል።

ስልክ ላይ የሚሰኩት ርካሽ ካሜራዎች ፋይበር የላቸውም። አብዛኞቹ ጫፋቸው በመቆጣጠሪያ አይዞርም። ፒስተን ላይ ያለውን ጥቀርሻ ለማየት ግን ይበቃሉ፤ እኔ አልንቃቸውም። ጫፋቸው ላይ ለምትሰካው ትንሽ መስታወት ግን ይጠንቀቁላት። በደንብ ሳትጠብቅ በካንዴላ ቀዳዳ ገብታ ከወደቀች፣ እንዳይወርድ የተለፋለት ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሊወርድ ይችላል።