ተያያዥነቱ ያልተቋረጠ አጭር ፊልም አቀራረጽ

ደሴ ላይ አጭር ፊልም ለምትሠሩ ተማሪዎች የመጀመሪያው ምክሬ፣ ታሪኩን በአንድ ክፍልና በሁለት ተዋንያን እንድትወስኑት ነው። እናት ቡና እያፈላች ልጇን ስታናግር የሚያሳይ ትዕይንት ለመማሪያ ይበቃል። ከሁሉ በፊት ሁለቱን ሰዎች የሚያገናኝ መስመር በሐሳባችሁ አስምሩና ካሜራውን ከመስመሩ በአንድ ወገን ብቻ፣ ማለትም በ180 ዲግሪው ክልል ውስጥ፣ አቁሙት፤ መስመሩን ከተሻገራችሁ ፊት ለፊት የሚነጋገሩት እናትና ልጅ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመለከቱ ይመስላሉ። አንዱን ሰው በተከታታይ ስትቀርጹም የካሜራው ማዕዘን ቢያንስ በ30 ዲግሪ ይለወጥ፤ አለዚያ ምስሉ የዘለለ ይመስላል።

እናትየዋ ጀበናውን አንሥታ ስትቀዳ ድርጊቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሩቅም ከቅርብም ቅረጹት፤ በቅንብር ጊዜ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው መቁረጥ ያለባችሁ እጇ በእንቅስቃሴ ላይ ሳለ ነው፣ ምክንያቱም የተመልካች ዓይን እንቅስቃሴውን ስለሚከተል መቆረጡን አያስተውለውም። ጀበናውን በየትኛው እጇ እንደያዘች፣ ነጠላዋን እንዴት እንዳጣፋች፣ ሲኒው ምን ያህል እንደሞላ የሚመዘግብ አንድ ተማሪ መድቡ፤ ይህን ሥራ አትናቁት፣ ከካሜራ ባለሙያው ሥራ አያንስም። የጦሳ ተራራ ጉም ብርሃኑን በድንገት ስለሚለውጠው፣ በመስኮት ብርሃን የምትቀርጹትን ሁሉ በአንድ ቁጭታ ጨርሱ።